አሮጌው ቤት ዜሮ አይደለም

«350 ካሬ ነው፤ ካርታው ንጹሕ፣ ለአስፋልት ቅርብ። ግቢው ውስጥ አሮጌ ቤት አለ፤ ዋጋው ግን የቦታው ነው።» አዲስ አበባ ውስጥ ነባር ቤት ለመግዛት ወይም ለመሸጥ ተነስቶ ይህን መሰል አነጋገር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ደላላው ይለዋል። የወላጆቻቸውን ቤት ለመካፈል የተሰበሰቡ ወራሾች ይሉታል። ሊገዛ የመጣው ሰውም የቤቱን በር ሳያስከፍት አጥሩን በእርምጃ ለክቶ፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ ጠይቆ ይመለሳል። ብዙ አሥርተ ዓመታት ክረምቱን የመከተ ጣሪያ፣ ከጥድ የተጠረበ ምሰሶ፣ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ የበረንዳ ክፈፍ በድርድሩ ውስጥ ስማቸው አይነሳም። ቤቱ ከተነሳም የማፍረሻው ወጪ ከዋጋው ላይ እንዲቀነስ ለመጠየቅ ነው።

ይህ አመለካከት የደላላ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። ዛሬ ግን የተማረውም ያልተማረውም፣ ሹሙም ነዋሪውም የተስማማበት ሐሳብ ሆኗል። እኔ ስህተት ነው እላለሁ። ቦታ ውድ መሆኑን አልክድም፤ የከተማው ሕዝብ እየበዛ ቦታው ባለበት የሚቆም ስለሆነ ውድ ይሆናል። የምክደው ከዚያ ተነስተው የሚደርሱበትን መደምደሚያ ነው። የቦታው ዋጋ ስለከበደ በላዩ ያለው ቤት ምንም ነው ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ወርቅ የተቀመጠበት ሣጥን ከወይራ የተሠራ ከሆነ ሣጥኑን ማንደድ አለብን የሚል ሰው የለም።

ነገሩ በሕግ ፊት እንዴት እንደሚቆም እንይ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ ወዲህ በዚህች ከተማ ቦታ የሸጠም ሆነ የገዛ ሰው በሕግ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጸና፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ዜጋው የሚሸጠውና የሚያወርሰው በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የገነባውን ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲዞር አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ደነገገ። እንግዲህ ሻጭና ገዢ ቀርበው ሲፈርሙ በሕግ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ንብረት ቤቱ ነው። ውሉን ያቆመው እሱ ነው። እሱ ባይኖር ባዶ ቦታ መሸጥ ስለማይቻል ሽያጩም አይኖርም ነበር። ግብይቱን በሙሉ በትከሻው የተሸከመው ቤት በዋጋው ላይ ዜሮ ተብሎ ይገባል፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላም ዶማ ይገባበታል። ይህን እያወቅን ለምደነዋል። መልመዳችን ግን ትክክል አያደርገውም።

ለመሆኑ ዜሮ የተባለው ምንድን ነው? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የድንኳንና የጎጆ ከተማ ነበረች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሠላሳና አርባ ዓመታት ውስጥ ግን በሌላ ቦታ ያልታየ የቤት ዓይነት ወለደች። የሕንድ አናጢዎችና ግንበኞች፣ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ዐረቦች ከአገሬው ጠራቢና መራጊ ጋር ጎን ለጎን ሠሩ። አርመናዊው ሚናስ ኸርቤጊያን በዚያ ዘመን በከተማዋ ብዙ ከሠሩት አንዱ ነበር። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮና መስታወት እንደ ልብ ሆኑ። ከእንጦጦና ከመናገሻ ዙሪያ የወረደው ጥድና ዝግባ፣ በኋላም ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ማዶ ከመጣው ቆርቆሮ ጋር ተገናኘ። ከዚህ ግንኙነት የተገኘው ቤት የሕንድም የአርመንም አይደለም። በቦምቤይም በይሬቫንም ፈልጋችሁ አታገኙትም።

እስቲ ዙሩት። ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ ውኃ ልክ አለው። በላዩ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ወይም በቋሚና በማገር ላይ የተመረገ ጭቃ ይነሳል፤ ፊቱ በኖራ የተለሰነ ነው። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የጥቅምት ብርድ አይገባም፣ የመጋቢት ፀሐይም አያልፍም። ጣሪያው ገደላማ ነው፤ የሐምሌን ዝናብ በፍጥነት ይጥላል፣ ክፈፉም ከግድግዳው ራቅ ብሎ ስለሚወጣ ውኃው ግድግዳውን አይነካም። በፊት ለፊት በእንጨት ምሰሶ የቆመ ሰፊ በረንዳ አለ። ይህ በረንዳ ውጭም ውስጥም ያልሆነ ቦታ ነው፤ ባለጉዳይ ይቆምበታል፣ ቡና ይፈላበታል፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንግዳ ይጠለልበታል። ደረጃው ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው። ላይኛው ፎቅ በመስታወት የተዘጋ ሰገነት ካለው ጠዋት ፀሐይ የሚሞቅበት እሱ ነው። ወለሉ ጣውላ፣ ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ክፍተት አለው። ኮርኒሱ ከፍ ያለ ነው፤ ባለጠጋው በጣውላ፣ መካከለኛው በተወጠረ አቡጀዲ ሠርቶታል። ማድ ቤቱ ለጭሱና ለእሳቱ ሲባል ከዋናው ቤት ተነጥሎ ከጓሮ ይሠራል። ከነዚህ ነገሮች አብዛኛዎቹ ለጌጥ የተደረጉ አይደሉም፤ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዝናብ በሚበዛባትና ፀሐይ በሚከርርባት ከተማ እንዴት እንደሚኖር የተጠና መልስ ናቸው። ዛሬ በሙሉ መስታወት ለብሶ ቀን የሚያቃጥል፣ ሌሊት የሚበርድ ሕንፃ የምንሠራ ሰዎች ያንን መልስ ዜሮ ብለን መጥራታችን ያሳዝነኛል።

ይህ ወግ አሁንም በዓይን የሚታይባቸው ቤቶች አሉ። ከመስቀል አደባባይ በላይ ያለው የራስ ብሩ ቤት ከ1979 ጀምሮ የአዲስ አበባ ሙዚየም ነው። ጉለሌ ያለው የሼህ ሆጀሌ ቤት አለ። አራዳ አጠገብ ያለው፣ በኋላ ማዘጋጃ ቤት የሆነው የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት አለ። የሕንዳዊው ነጋዴ የመሐመድ ዓሊ ቤት አለ። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 በእሳት ከተጎዳ በኋላ እንኳ ተጠግኖ እንግዳ ያስተናግዳል፤ አሮጌ ቤት ተቃጥሎም ሊመለስ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ነገር ግን እነዚህን ስሞች ስጠራ ሌላ ስህተት እንዳላጠናክር እፈራለሁ። ቅርስ ወዳድ የምንባለው ሰዎችም የደላላውን አመለካከት ሳናውቀው ረድተነዋል። አንድ ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል የመጀመሪያ ጥያቄያችን «የማን ቤት ነበር?» የሚል ነው። ራስ ወይም ደጃዝማች ከኖረበት እንጮኻለን። የልብስ ሰፊ፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛ፣ የጠጅ ነጋዴ ሴት ቤት ከሆነ ዝም እንላለን። እንዲህ ካልን ደላላው ትክክል ነው፤ ቤቱ በራሱ ዋጋ የለውም፣ ዋጋው የባለቤቱ ማዕረግ ነው ማለታችን ነው። የከተማዋን መልክ የሠሩት ግን እነዚያ ስም የሌላቸው መቶዎች ቤቶች ናቸው። ሰባራ ባቡር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ መልካቸውን ያገኙት በመሳፍንት ቤት አይደለም። ካዛንቺስ ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ በሠራቸው ቤቶች ነው የተጀመረው፤ በዚያ ቤት ግን ከነፃነት በኋላ ሁለትና ሦስት ትውልድ ኢትዮጵያዊ ተወልዶ አድጎበታል። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርሱ ከቅርስ ዝርዝር ውስጥ ያልገቡት ቤቶች የሚከራከርላቸው ሰው አላገኙም። ስላላገኙም ስንት እንደነበሩ፣ ምን ዓይነት እንደነበሩ በወጉ ሳይሣሉና ሳይለኩ ሄዱ።

በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተሠሩት ቪላዎችም ዛሬ በዚሁ መንገድ እየሄዱ ነው። አርቱሮ መዘዲሚ የአፍሪካ አዳራሽንና ማዘጋጃ ቤቱን፣ ሚካኤል ቴድሮስና ዛልማን ኤናቭ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሲሠሩ በነበሩበት ዘመን ቦሌና ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ የአምቦ ድንጋይ ለብሰው፣ ሰፋፊ የብረት መስኮት ይዘው፣ ወለላቸው በፓርኬ ተነጥፎ የተሠሩ የመኖሪያ ቤቶች አሉ። ጭቃ አይደሉም፣ አልዘመሙም፣ ጣሪያቸው አያፈስም። ሆኖም እነሱም «ለቦታው» ይሸጣሉ። ይህ የሚያሳየው ጭቃ ስለሆነ ነው የምናፈርሰው የሚለው ምክንያት እውነተኛው ምክንያት አለመሆኑን ነው።

ቢሆንም የጭቃውን ክርክር በቁም ነገር ልያዘው፤ ብዙ ቅን ሰው የሚያምነው እሱን ነውና። «የጭቃ ቤት ዕድሜው አልቋል» ይባላል። ጭቃ ግን ሲሚንቶ እንደሚያረጅ አያረጅም። ጭድ ገብቶበት፣ በደንብ ተቦክቶና ተብላልቶ የተመረገ ጭቃ ሁለት ጠላት ብቻ ነው ያለው፤ ከላይ የሚፈስ ውኃና ከታች የሚሰርግ ውኃ። ቆርቆሮው በጊዜው ከተለወጠ፣ አሸንዳው ከተጠረገ፣ በውኃ ልኩ ዙሪያ ያለው አፈር ዝቅ ብሎ ውኃው ከቤቱ ከራቀ ግድግዳው ከሠራው ሰው የልጅ ልጅ በላይ ይኖራል። በጥድ ቋሚ ላይ የቆመ ከሆነ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም።

አብዛኛውን ቤት የገደለው እርጅና ሳይሆን የተሳሳተ ጥገና ነው። ይህን በዝርዝር መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በየሰፈሩ ያለ ነገር ነው። ባለቤቱ ገንዘብ ሲያገኝ ቤቱን «ሊያሳምር» ይነሳል። በኖራው ፋንታ ሲሚንቶ ያስለስናል። ጭቃና ኖራ እርጥበት ይስባሉ፣ ይመልሳሉ፤ ሲሚንቶ ግን ይዘጋል። ከታች የወጣው እርጥበት መውጫ ሲያጣ በግድግዳው ውስጥ ተጠራቅሞ የእንጨቱን እግር ያበሰብሳል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ በሰፊው ተገንጥሎ ይወድቃል፣ ከኋላው የበሰበሰ እንጨት ይታያል፣ «ይኸው አልነገርንህም? ጭቃ ነው» ይባላል። ቀጥሎ በረንዳው ክፍል ይሁን ተብሎ በብሎኬት ይዘጋል፣ የጣውላው ወለል ተነቅሎ ኮንክሪት ይፈስበታል፣ ከሥሩ የነበረው አየር ይቆማል። የእንጨት መስኮቱ በብረት ይለወጣል። ቤቱ እንዲህ ከተጎዳ በኋላ ለሽያጭ ሲቀርብ መሐንዲሱ መጥቶ «አይጠገንም» ይላል። ያየው በሽታ የቤቱ ሳይሆን የጥገናው ነው። ሲሚንቶውን አራግፎ፣ የበሰበሰውን እግር ቆርጦ አዲስ እንጨት የሚቀጥል አናጢ ግን በዚህች ከተማ ዛሬም አለ፤ የምናጣው እሱን የሚጠራውን ሰው ነው።

የቀበሌ ቤቶችም ነገር ከዚህ የሚለይ አይደለም። በ1967ቱ አዋጅ ከተወረሱት ቤቶች ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆኑት ወደ ቀበሌ ገቡ። ኪራዩ ተቀንሶ በዚያው ቆመ፤ በዚያ ገንዘብ ደግሞ ቆርቆሮ መለወጥ አይቻልም ነበር። ተከራዩ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ አልጠገነም፣ ቀበሌው ገንዘብ ስለሌለው አልጠገነም። በአንድ ቤተሰብ ቤት ውስጥ አራትና አምስት ቤተሰብ በሸራና በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ ኖረ። ከዚህ በኋላ ያየነውን ጉስቁልና «የጭቃ ቤት ጉስቁልና» ብለን ሰየምነው። እዚያ ውስጥ የኖረ ሰው መጸዳጃ ቤት በወረፋ የሚጠቀምበትን፣ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ የሚደረድርበትን ቤት ልናሞካሽለት ብንሞክር ሊቆጣን መብት አለው። የምለው ለእሱ የተገባው የተጠገነ ቤት ነበር ነው። ባለቤት አጥቶ ለሃምሳ ዓመት የቆመ ማንኛውም ሕንፃ፣ ኮንክሪትም ቢሆን፣ ተመሳሳይ መልክ ይኖረው ነበር።

ደግሞም ዜሮ የተባለው ቤት ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። የማፍረስ ሥራውን የሚወስዱት ሰዎች ብዙ ጊዜ ለፍራሹ ሲሉ ነው የሚወስዱት። መዝጊያው ከነማጠፊያው በጥንቃቄ ይነቀላል። የጥድ ወራጁ ተቆጥሮ ይጫናል። የወለሉ ጣውላ፣ የመስኮቱ መከለያ፣ የተጠረበው ድንጋይ ሁሉ ገዢ አለው። መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ሄዶ አሮጌ ዕቃ ዋጋ እንዳለው ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ማን ነው? እንዲህ ያለ እንጨት ዛሬ እንደ ልብ ከደን አይመጣም፤ ጥዱም ዝግባውም ተመናምኗል። ታዲያ ሲበተን ዋጋ ያለው ነገር ተገጣጥሞ ሲቆም እንዴት ዋጋ አይኖረውም? ተገጣጥሞ ሲቆም በላዩ የአናጢው ዕውቀት አለበት፤ ስንበትነው የምንጥለው ያንን ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሕዝብ ብዛት ነው። ከተማዋ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ይዛ በአንድ ግቢ አንድ ቤተሰብ አይኖርም ይባላል። እውነት ነው። ሆኖም የአሮጌ ግቢ አሠራር ራሱ መልሱን ይዟል። ዋናው ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የግቢውን ጥቂት እጅ ነው፤ ከኋላ የማድ ቤትና የሰርቪስ ቦታ፣ ከጎንም ባዶ ቦታ አለ። ከመንገድ በኩል ያለውን ቤት ትቶ ከጓሮ ሦስትና አራት ፎቅ ማቆም ይቻላል። ነባሩ ቤት ካፌ፣ ቢሮ፣ ክሊኒክ፣ መዋዕለ ሕፃናት ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ሕንፃ መኖሪያ ይሆናል። ይህን መሐንዲሶች የሚያውቁት ነው። የማይሠራው ደላላው «የሚፈርስ ነው» ብሎ ስለሸጠና ገዢው ገና ከመግዛቱ በፊት በልቡ ስላፈረሰው ነው። የፈረሰው ግቢ ላይም ሁልጊዜ ሕዝብ የሚኖርበት ሕንፃ አይበቅልም። የገንዘብ እጥረት ሲመጣ መሠረቱ ወጥቶ፣ ኮለኑ ቆሞ፣ ፌሮው ወደ ሰማይ እንደተቀሰረ ዓመታት ያሳለፈ ግቢ በየሰፈሩ አለ። የሰው መጠለያ የነበረ ቤት ፈርሶ የማንም መጠለያ ያልሆነ ኮንክሪት ይተካል። ለዚህ ኮንክሪት የሚገባው አልሙኒየም፣ ሴራሚክና የሊፍት ዕቃ ደግሞ አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው።

«የመሳፍንት ቤት ነው፤ በገባር ላብ የተሠራ ነው» የሚሉም አሉ። እነዚህን አከብራቸዋለሁ፤ የሚናገሩት ታሪክ እውነት ስለሆነ። ግን ከዚያ የሚከተለው ቤቱን ማፍረስ አይደለም። በዚያ ግድግዳ ውስጥ የራስ ወይም የደጃዝማች እጅ የለም። ድንጋዩን የጠረበው፣ ጭቃውን የረገጠው፣ ከጫካ ጥዱን በትከሻው ያመጣው፣ ክፈፉን በመጋዝ የፈለፈለው ሌላ ሰው ነው። ስሙን ማንም አልጻፈውም። ሥራው ብቻ ነው የቀረው። ቤቱን ስናፈርስ ጌታውን አንነካውም፤ ጌታው በመጽሐፍ ውስጥ አለ። የምናጠፋው የሠራተኛውን ሥራ ነው።

ሐረርን ያየ ሰው ቤት በራሱ ሲከበር ምን እንደሚመስል ያውቃል። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከግንቡና ከመስጊዶቿ እኩል ምክንያት የሆኗት መኖሪያ ቤቶቿ ናቸው። የሐረሪ ቤት ከውጭ ሲያዩት ድፍን የድንጋይ ግድግዳ ነው። ከገቡ በኋላ ነው የሚገለጠው። ዋናው ክፍል በተለያየ ከፍታ በተሠሩ መደቦች፣ በሐረሪዎች አጠራር በነደባዎች የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ነደባ ማን እንደሚቀመጥበት የታወቀ ነው። ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል፣ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ይሞላል። እዚያ ቤት ሲሸጥ የሚጠየቀው ስንት ካሬ እንደሆነ ብቻ አይደለም፤ ነደባዎቹ ሙሉ ናቸው ወይ፣ እንጨቱ የቀድሞው ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅም አለ። ሐረርም ሲሚንቶና ብሎኬት እየገባባት መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ቤቱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሻጭና ገዢ እዚያ አለ። አስመራም በ2009 ስትመዘገብ የተመዘገበችው በአንድ ቤተ መንግሥት አይደለም፤ በሲኒማ ቤቶቿ፣ በነዳጅ ማደያዋ፣ በቪላዎቿና በተራ የመኖሪያ መንገዶቿ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምለው በውጭ ለሚኖሩ ወገኖቼ ነው፤ በአዲስ አበባ ነባር ቤት ከሚገዙት መካከል እነሱም አሉበትና። በዋሽንግተን ዩ ስትሪትና 9ኛ ስትሪት አካባቢ ያሉትን የሐበሻ ምግብ ቤቶች አስቡ። ብዙዎቹ የተከፈቱት ከመቶ ዓመት በፊት በተሠሩ፣ ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙ የሸክላ ቤቶች ውስጥ ነው። ሰፈሩ በታሪካዊነት የተመዘገበ ስለሆነ የቤቱን ግንባር መልክ እንደ ልብ መለወጥ አይቻልም፤ ለከተማው ቀርቦ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። የኛ ሰው ይህን ይቀበላል፣ ያከብራል፣ ይከፍላል። ቤቱን ሲሸጥም የተሠራበትን ዓመት በማስታወቂያው ላይ በኩራት ይጽፋል፤ ዕድሜው ዋጋ ጨምሯልና። እዚያ ያከበራችሁትን ሕግ እዚህ ማንም ስላላስገደዳችሁ ነው የምትተዉት? በዋሽንግተን ዕድሜ ሀብት ከሆነ በአራዳ ዕዳ የሚሆንበትን ምክንያት ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም።

ሕጉን ብዙ አንውቀሰው፤ በጽሑፍ ያለው ከምንሠራበት ይሻላል። የ1992ቱ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብ ይዞታ ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል፣ ባለቤቱ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል፣ የጥገናው ወጪ ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት በከፊል ሊሸፍን እንደሚችልም ይፈቅዳል። በተግባር ግን ቤቴ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ ሲባል ባለቤቱ ይደነግጣል፤ እንዳይሸጥበት፣ እንዳይነካው የታሰረበት ይመስለዋል፤ ገዢም ይሸሻል። ስለዚህ ከመመዝገቡ በፊት ለማፍረስ ይጣደፋል። ይህ የሚለወጠው መመዝገብ ጥቅም ሲኖረው ነው። ቤቱን ሳያፈርስ ለሚገዛ ሰው የስም ማዛወሪያው ክፍያ ይቀነስለት። ዋናውን ቤት ለተወ ሰው ከጓሮ አንድ ፎቅ ተጨማሪ ይፈቀድለት። ባንኮችም የተጠገነን ነባር ቤት ለብድር ዋስትና በእውነተኛ ዋጋው ይገምቱት። ከተማዋ ለአዲስ ሕንፃ ያደረገችውን ማበረታቻ ጥቂቱን ለዚህ ብታውለው ብዙ ቤት ይድናል።

ወራሾችንም እረዳለሁ። አምስት ልጆች አንድ ቤት ሲወርሱ፣ ሦስቱ ውጭ ሲሆኑ፣ አንዷ ደግሞ እዚያው ቤት ስትኖር መሸጥ ብዙ ጊዜ ግድ ነው። መሸጡ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የወላጆቻችሁን ቤት ደላላው በሰጣችሁ ቋንቋ መሸጣችሁ ነው። ቤቱ መቼ እንደተሠራ፣ ግድግዳው ድንጋይ ይሁን ጭቃ፣ ምሰሶው ከምን እንጨት እንደሆነ፣ ቆርቆሮው መቼ እንደተለወጠ፣ ኮርኒሱ ስንት ሜትር ከፍታ እንዳለው፣ ወለሉ የቀድሞው ጣውላ ይሁን አይሁን ጻፉ። የበረንዳውን ክፈፍ ፎቶ አንሱ። ከመቶ ገዢ ዘጠና ዘጠኙ ቢያልፈው አንዱ ሊቆም ይችላል፤ ያንን አንድ ሰው ግን «የሚፈርስ አሮጌ ቤት አለው» በሚል ማስታወቂያ አታገኙትም፤ እናንተው አባራችሁታልና።

ገዢም ብቻውን አይግባ። ካርታ የሚያጣራ ጠበቃ ይዞ እንደሚሄድ ሁሉ፣ እንጨት የሚያውቅ አናጢም ይዞ ይሂድ። አናጢው መጀመሪያ ከኮርኒሱ በላይ ወጥቶ የጣሪያውን እንጨት ይይ፤ ከዚያ ወርዶ የግድግዳውን እግር በቢላ ይውጋ፤ ከዚያ ሲሚንቶው የት የት እንደተለሰነ ያንኳኳ። የጥገናውን ዋጋ በወረቀት ያስቀምጥ፤ የማፍረሻውንና የአዲሱን ግንባታ ዋጋም ጎን ለጎን ያስቀምጥ። ቤቱንም ደላላው በሚወደው በኅዳር ሳይሆን በሐምሌ ይየው፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የሚያፈስሰውና የማያፈስሰው ያኔ ይለያል፣ የመደራደሪያው ዋጋም ከዚያ ይነሳል።